ታች ሰው አለ

ጋሽ ይርዳው ማረፋቸውን የሰማሁት የእቃ እጣቢ ይዤ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነው። ባለቤቴን በላይነሽን ጉልበቷን አሟት ስለነበር እጣቢ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ሳፋውን እንደያዝኩ፣ እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ፤ ዞር ብዬ ደግሞ ወደ ታች አየሁ። ሰው የገዛ ደጁ ላይ እንደ ሌባ መገላመጥ የጀመረው በሳቸው ዘመን ነው። ይህን ጊዜ ጎረቤቴ ሥጋ ሻጩ ግርማ ከሱቁ ብቅ አለና፣

«ሰይፉ፣ አልሰማህም እንዴ? ጋሽ ይርዳው እኮ አረፉ፤ ንጋት ላይ ነው» አለኝ።

በላይነሽ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ «ነፍሳቸውን ይማር» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «እንግዲህ ድፋው፤ ሞተዋል፤ ማን ያይሃል?»

አልደፋሁትም። አዝኜ ነው እንዳትሉኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሳፋውን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩና ከጉድጓዴ ደፋሁት፤ እየደፋሁም ሰውየውን አማረርኳቸው። በሞቱበት ጠዋት የሚያስነጫንጭ ሟች ከሳቸው በቀር አላውቅም።

ሞላሌ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ገበያው፣ ሥጋ ቤቱ፣ ወፍጮውና የኔ መጋዘን ላይ ናቸው፤ ምንጩ ታች ነው። ከላይ ወደ ታች የማይወርድ ነገር የለም፤ ውሃም ይወርዳል፣ ወሬም ይወርዳል። እኔ የበግ ቆዳና ሱፍ ነጋዴ ነኝ። ቆዳ ጨው ካልተነሰነሰበት ይሸታል፤ ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ደግሞ ያለቅሳል። እንባው አንድ ቦታ መፍሰስ አለበት። ድሮ በመንገዱ ላይ ይፈስ ነበር፤ ማንም ምንም አላለኝም።

ከዚያ ቦዩ ተሠራ። ልማት የሚባለው ነገር እኛም ጋ ደርሶ፣ እኛ ድንጋይ ተሸክመን፣ መንግሥት ሲሚንቶ ሰጥቶ፣ ከገበያው ጀምሮ ዋናውን መንገድ ተከትሎ የሚወርድ ጥሩ ቦይ ተሠራ። ያለቀው ከምንጩ ራስጌ ነው። ለምን እዚያ እንዳለቀ ብትጠይቁኝ ሲሚንቶው እዚያ ስላለቀ ነው።

የምርቃቱ ዕለት ከዞን የመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ መመሪያ አነበበልን። «ከተፈቀደው መጠን በላይ ቅባታማነት፣ ጨዋማነትና ጠጣር ይዘት ያለውን ፍሳሽ ወደ ሕዝብ መስመር መልቀቅ የተከለከለ ነው» ይላል። አጨበጨብን። ላልገባን ነገር ማጨብጨብ ያኔ የሁላችንም ሙያ ነበር። ከዚያ ልጁ ወረቀቱን አጥፎ «ጥያቄ ያለው?» አለ።

በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ጥያቄ የጠየቀ ሰው ኮሚቴ ይደረጋል። ይህን የማያውቅ ሞላሌ ውስጥ አልነበረም። «ጥያቄ ያለው?» ሲባል አዳራሹ በሙሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያያል። የዚያን ቀን ግን ከኋላ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። ጋሽ ይርዳው ናቸው። ልጃቸው እኛ ከተማ አግብታ ስለነበር፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ከጌራ ከመጡ ገና መንፈቅ አልሞላቸውም።

«ልጄ፣ ያነበብከው ጥሩ ነው። ግን ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ምኑ አባባ?»

«በዚህ ቦይ የሚሄደው።»

«ወደ ታች ነዋ።»

«ታች እኮ ሰው አለ» አሉ።

ከዚያ አንዱ «ይመረጡ!» ብሎ ጮኸ። የጮኸው ሰይፉ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላስታውሰውም። አጨበጨብንና የቦይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ። ኮሚቴው ከሳቸው ሌላ አባል ይኑረው አይኑረው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

እኛ የመረጥነው አንድ ሁለት ወር ተነታርከው ይተዉታል ብለን ነበር። የማን ልጅ እንደሆኑ አልጠየቅንማ። ሰውየው ጌራ ሳሉ ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬት ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። ጓሳ ሲዘጋ ይዘጋል፤ በግ አይገባበትም፣ ሣሩ አይታጨድም። ሲከፈት ሁሉም ይገባል፣ ለቤቱ ክዳን የሚሆነውን አጭዶ ይወጣል። በዝግ ጊዜ ተደብቆ ያጨደ ሰው ሣሩ ዐይኑ እያየ ይቃጠልበታል፤ የወንድም ልጅ ነው፣ የክርስትና አባት ነው የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሰው ይዘን ነው «ይመረጡ» ያልነው።

ያን ወጣት ባለሙያ በዚያው ዕለት መኪናው ውስጥ ሳይገባ ያዙት።

«ቅባታማ ያልከው ቤት ውስጥ ስሙ ማን ነው?»

«ዘይት ነገር፣ አባባ። ከወፍጮ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይትም ይሆናል።»

«ጠጣርስ?»

እንዲህ እያሉ ቃል በቃል አስፈቱት። ልጁ ሲሄድ መመሪያው እንዲህ ሆኖ ቀረ፦ ደም፣ ፈርስ፣ ጸጉር፣ አተላ፣ አመድ፣ ጨው፣ የተቃጠለ ዘይት። ይህችን እንደ አባታችን ሆይ በቃላቸው ይዘው በየበሩ ይደግሟት ጀመር። ሰላምታቸው ሁሉ ተለወጠ። ግርማን «እንዴት አደርክ፣ ደም» ይሉታል። እኔን «ሰይፉ፣ ደህና አደርክ? ጨው!» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ» ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

አንድ ረጅም ዱላ ነበራቸው፤ ጫፉ ላይ ቆልማማ ብረት አስመትተውበታል። ጠዋት ጠዋት ቦዩን ከላይ እስከ ታች በዱላው እያመሱ ይወርዳሉ። የያዙትን አይጥሉትም። ባለቤቱን ፈልገው በሩ ላይ ይሰቅሉለታል። ግርማ አንድ ቀን ሱቁን ሲከፍት የበግ አንጀት ግንባሩን መትቶታል። ሱፍ ካገኙ ደግሞ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ቡናማውን ከቡናማ እያስተያዩ መጋዘኔ ድረስ ይመጣሉ። «ይህ ያንተ ነው አይደለም?» ይላሉ። መንዝ ውስጥ ሱፍ ያለው እኔ ጋ ብቻ ይመስል!

የልጄ ሠርግ ዕለት ሙሽራው ከነሚዜዎቹ እየጨፈረ ሲመጣ፣ እኔ ከበሩ ራስ ላይ የተሰቀለ እርጥብ ሱፍ አየሁ። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ሚዜዎቹ የአገሩ ወግ መስሏቸው ጎንበስ እያሉ በሥሩ አለፉ። ጋሽ ይርዳው ነጭ ለብሰው፣ ከተጠሪዎቹ መካከል ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ!» አልኳቸው በሹክሹክታ፣ ጥርሴን ነክሼ።

«እንኳን ደስ ያለህ» አሉ ተነሥተው እየሳሙኝ። «ሱፉ ግን የትናንት ነው።»

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ቦዩን የዘጉት ጊዜ ነው።

አንድ የበጋ ማለቂያ ላይ፣ ገበያው እየሰፋ፣ የሚደፋው እየበዛ ሲሄድ፣ ጋሽ ይርዳው ለካ ሲያስቡ ሰንብተዋል። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሣ የቦዩ አፍ በድንጋይና በሣር ጓል ተደፍኗል። ከላዩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?»

«ዘግቼዋለሁ። ትንሽ ይረፍ።»

«ቦይ ነው እኮ! ቦይ ያርፋል እንዴ?»

«መሬት ያርፋል፣ በሬ ያርፋል፣ ጓሳ ያርፋል። ቦይ ለምን አያርፍም? ሲያገግም እከፍተዋለሁ።»

ግርማ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ የወፍጮው ባለቤት ሰዒድም «ጋሼ፣ ሣር እኮ አይደለም፣ አይበቅልም» አላቸው። አልሰሙም። የተዘጋ ነገር ሁሉ የሚሻሻል ይመስላቸዋል። እኛም በጋ ነው፣ ዝናብ የለም ብለን ተውናቸው።

የበልጉ ዝናብ ግን ያን ዓመት ቀድሞ መጣ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ብዙም ሳይቆይ ዋናው መንገድ ወንዝ ሆነ። ውሃው የቦዩ አፍ ተዘግቶ ሲያገኘው ወዴት ይሂድ? መጋዘኔ ገባ። ያ ሰሞን ጨው በጆንያ አስመጥቼ መሬት ላይ ደርድሬ ነበር። እኔ ቆዳውን ወደ ቆጥ ሳወጣ ጨው እንደ ስኳር እግሬ ሥር ሟሟ። ከዚያ የውሃው ክብደት የጋሽ ይርዳውን ድንጋይ ገፍቶ ጣለውና፣ የዓመት ጨዌ ባንድ ጊዜ በቦዩ ወረደ። በየቀኑ ጠብታ ጠብታውን ሲከለክሉኝ የኖሩት ሰውዬ ሙሉውን በገዛ እጃቸው ላኩልኝ!

በማግስቱ የታች ሰፈር በግ ሁሉ ቦዩ ላይ ነበር። ጨው የቀመሰ በግ ታውቃላችሁ። ተደርድሮ ድንጋዩን ይልሳል። ባለቤቶቹ በዱላ ቢሉ፣ በልመና ቢሉ ንቅንቅ የለም። የቦዩን ጠርዝ ረግጠው ረግጠው አፈረሱት።

ግምገማ ተጠራ። ያኔ ላም ብትነጥፍም ግምገማ ይጠራ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ ይርዳውን አስነሥቶ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ጠየቃቸው። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ለዚህች ቀን ስንት ጊዜ ጸልያለሁ! ሽማግሌው ተነሥተው ዱላቸውን ተደገፉ።

«ጓሳን ስትዘጋው ሣር ይሰጥሃል» አሉ። «ቦይ ስትዘጋው ጎርፍ ነው የሚሰጥህ። አላወቅሁም ነበር፤ አሁን አወቅሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጨረስኩ። አሁን ደግሞ ተነሡ፣ ውሃ እንጠጣለን።»

«የምን ውሃ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የምንጩን።»

ሳናስበው ተከተልናቸው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ሰውየው መሄድ ሲጀምሩ ሰው ይከተላል። ምንጩ ጋ ስንደርስ የታች ሰፈር ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ቆመዋል። ጋሽ ይርዳው ከጋቢያቸው ሥር ጣሳ አወጡና ራሳቸው መጀመሪያ ጠጡ። ከዚያ ለሊቀመንበሩ፣ ለግርማ፣ ለሰዒድ ሰጡ። ሁሉም ፊቱን እያጨማደደ ጠጣ። አንዷ ሴት፣ ብርቄ ትባላለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለችን። «እኛ ይህን መጠጣት ከጀመርን ሰነበትን። ወጥ ላይ እንኳ ጨው መጨመር ትተናል፤ እግዜር ይስጥልን።»

ጣሳው እኔ ጋ ደረሰ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨው ስገዛ ኖሬአለሁ፤ ጠጥቼው ግን አላውቅም። ጨው ብቻም አይደለም፤ ቆዳ ቆዳም ይላል። ተጎነጨሁና መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ብርቄ ዐይን ዐይኔን ታያለች። ዋጥኩት።

«ይህ እኮ እርስዎ ስለዘጉት የመጣ ነው!» አልኳቸው።

«ልክ ነህ» አሉኝ በእርጋታ። «የኔ መዝጋትና ያንተ ጨው ነው። የኔን ከፍቻለሁ። ያንተንስ ምን ልታደርገው ነው?»

በሳምንቱ ጓሮዬ ሁለት ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ አንዱን ለጨው፣ አንዱን ለእጣቢ። አምኜ አይደለም፣ በእልህ ነው። የሚሉት ያጡ መስሎኝ ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና «ይህስ ወዴት ይሄዳል?» አሉ። መሬት ውስጥ ገብቶ ምንጩ ጋ ይወጣል ማለታቸው ነው። የጨውን ጉድጓድ በድንጋይና በሲሚንቶ አስለበጡኝ። በበጋ ውሃው ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ጨው ሥሩ ቀረ፤ እየፋቅሁ መልሼ ቆዳ ላይ ነሰነስኩት። ይህን ለጋሽ ይርዳው አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ደስ ይላቸው ነበር።

ግርማም ቆፈረ፤ ሰዒድም የተቃጠለ ዘይቱን በበርሜል ማጠራቀም ጀመረ። ምንጩ ክረምቱ ካጠበው በኋላ ጠራ፤ ያውም ቀስ ብሎ ነው። ሰብሳቢው ግን ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ የሚለቁ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ባሰባቸው።

አንድ ጊዜ ስለ ፍሳሽ አወጋገድ ሥልጠና ተብሎ ደብረ ብርሃን ተጠሩ። ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። በምሳ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲበላ ሥልጠናው ከሚሰጥበት ሆቴል ጀርባ ዞረው ማጀቱ ወዴት እንደሚደፋ ተከታተሉ አሉ። ከሰዓት በኋላ አሠልጣኙ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ተነሡ። «የበላችሁት ዶሮ ላባው የሰው ደጅ ላይ ነው ያለው» ብለው፣ ላባውን በቆልማማው ዱላ ይዘው ለአዳራሹ አሳዩ። ደግመው አልጠሯቸውም። ሲመለሱ «እንዴት ነበር ጋሼ?» ብላቸው፣ «አበላላቸው ጥሩ ነው» ብቻ አሉኝ።

ታመው የተኙት ባለፈው ክረምት ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸው ከስቶ ዐይናቸው ብቻ ቀርቷል። እትዬ አስካለ ዱቄት ሲያቦኩ የነበረ እጃቸውን እያራገፉ «ይኸው፣ ጨው መጣልዎ» አሏቸው።

«ዝናቡ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ይጥላል።»

«ይወርዳል?»

«ይወርዳል ጋሼ። ጥርት ብሎ ነው የሚወርደው።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ «ጋቢህን አሳጥበው» አሉኝ። «ጨው ጨው ትላለህ። ስታሳጥበው ደግሞ…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ!» ብዬ ወጣሁ። መጨረሻ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ አረፉ። አርባቸው የነቢያት ጾም ሳይገባ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ዋለ። ተዝካራቸው ላይ ከጌራም ከሞላሌም ያልመጣ ሰው የለም። ጠላው በጋን በጋን ተጠምቋል፤ በጉን ግርማ ራሱ ነው ያረደው። እኩለ ቀን ላይ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጠግብ፣ እኔ ከዳሱ ወጣ ብዬ አጥሩ ሥር የተከማቸውን አየሁ። በበርሜል አተላ አለ። ፈርሱ ተከምሯል። ደሙ በገበታ ተቀምጧል። ከቆዳው የተላጨው ሱፍ አለ፤ የምድጃው አመድ አለ፤ ለቆዳው የተነሰነሰው ጨውም ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የጎደለው የተቃጠለ ዘይት ብቻ ነበር፤ እሱንም ለቅሶኛ ያመጣች አሮጌ ላንድሮቨር በሩ ላይ ቆማ ጠብ ጠብ ታደርጋለች። በየበሩ ሲደግሟቸው የኖሩት ሰባቱም ተሟልተው መጥተው ሰውየውን እየሸኟቸው ነው።

የቤቱ ጉድጓድ ጠዋት ሞልቷል። ቦዩ ከአጥሩ በስተጀርባ ነው።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ድፉት!» አሉ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጥተው። «አተላ ተሸክሜ ገደል ድረስ ስመላለስ ወገቤ ተቆረጠ። እኔ ቤት እንኳ ምሕረት አልነበረም። ዛሬ በራሳቸው ቦይ ይሂድላቸው!»

ግርማ በርሜሉን በአንድ ጎን ያዘ። ሰዒድ በሌላው ያዘ። ሁለቱም ቆሙ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ብርጭቆውን እንደያዘ ወጣ። ብርቄና የታች ሰፈር ሴቶችም ወጡ። ማንም «ተዉ» አላለም፤ የሟች ሚስት ያዘዘችውን ማን ይከለክላል? ብርቄ በርሜሉን ታያለች፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ሰፈሯ ታያለች።

ይህን ጊዜ ሊቀመንበሩ የተሰበሰበ ሰው ሲያይ ዝም ማለት ስለማይችል ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ይርዳው ለከተማችን ጽዳት ስላደረጉት አስተዋጽኦ፣ እኛም የእሳቸውን ራዕይ ስለማስቀጠላችን ተናገረ። አጨበጨብን። ከዚያ ከልማዱ የተነሣ፣ ተዝካር ላይ መሆኑን ረስቶ፣

«ጥያቄ ያለው?» አለ።

ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። እኔም አየሁ፤ ጫማዬ ሥር ከበርሜሉ ያመለጠ አተላ ቀጭን መንገድ ይዞ ወደ ቦዩ እየሄደ ነው። ምላሴ ላይ ያ የምንጩ ውሃ መጣብኝ። ነጋዴ ነኝ፤ አፌን መቼ መዝጋት እንዳለብኝ ከማንም በላይ አውቃለሁ። አፌ ግን እኔን አልጠየቀኝም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩ።

ገና ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ። ቀና ስል ሁሉም እኔን እያዩ ነው። ግርማ ከበርሜሉ ሥር ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

«ይመረጥ!» አለች ብርቄ።

ጭብጨባው ጌራ ድረስ ይሰማል። ለቅሶ ቤት ነው ብል፣ ሥራ አለብኝ ብል፣ ኧረ እኔ ጨው ነኝ ብል ማን ይስማኝ! እትዬ አስካለ ከአርባ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሲስቁ አየኋቸው። ወደ ቤት ገብተው ያን ቆልማማ ዱላ ይዘው ወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲህ እኔን አሳረፍከኝ» አሉ። «አተላውንም አንተው ታውቅለታለህ።»

ያን ቀን በተዝካር ልብሳችን ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ስንቆፍር መሸ። የመጀመሪያውን አካፋ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት፤ ራዕይ የሚያስቀጥል እሱ አይደል?

በማግስቱ ጠዋት ደጄ ላይ ዱላውን ይዤ ቆሜ፣ ለማን ልመልሰው እያልኩ ሳሰላስል፣ በላይነሽ እጣቢዋን በሳፋ ይዛ ብቅ አለች። ጉልበቷ ተሽሏት ነበር። ወደ ላይ አየች፤ ወደ ታች አየች። እኔን አየችና ቆመች።

«አንተም?» አለችኝ።

«በላይ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ታች እኮ…»

«እንዳትጨርሰው!» ብላ ሳፋዋን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች።